ፒችትሪ 2010፣ ዊንዶውስ 7 እና ቀጭ ቀጭ የሚል ሃርድ ዲስክ፤ ምን ይሻለኛል?

ደብተር_ያዥ
ኅዳር 8 ቀን 2018፣ ከምሽቱ 2፡40

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ሁልጊዜ አንባቢ ብቻ ነበርኩ፤ ዛሬ ቸግሮኝ መጣሁ።

አዲስ መሥሪያ ቤት ከገባሁ አራት ወር ሆነኝ። አስመጪ ድርጅት ነው፤ ስሙ ይቆየን። ቢሮው ያምራል፣ መስታወት በመስታወት ነው። እንግዳ ሲመጣ ማኪያቶ ከማሽን ይቀዳል። ስብሰባ ክፍሉ ውስጥ ግድግዳውን የሚያህል ስክሪን ተሰቅሏል።

ሂሳብ ክፍል ስትገቡ ግን ጥግ ላይ አንድ አሮጌ ዴስክቶፕ አለ። ማታ ማታ ዳንቴል ይለብሳል። ቀልድ አይደለም፣ የእውነት ዳንቴል። ዊንዶውስ 7 ነው፣ በላዩ ላይ ፒችትሪ 2010 የሚባለው የሂሳብ ፕሮግራም ተጭኗል። ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ ያለው የሁለት እህትማማች ድርጅቶች ሂሳብ በሙሉ እዚያ ውስጥ ነው።

ግብር የምናሳውቀው በኢንተርኔት ነው። አሮጌው ማሽን ላይ ያለው ክሮም ደግሞ ከፈረንጆቹ 2023 ወዲህ አይታደስም፤ ግማሹን ድረ ገጽ አይከፍትም። ስለዚህ ሪፖርቱን ወደ ኤክሴል አወጣለሁ፣ በፍላሽ ወደ ላፕቶፔ እወስዳለሁ፣ ከዚያ እሞላለሁ። በቀን አምስት ስድስት ጊዜ ክፍሉን አቋርጣለሁ። የቢሯችን ኔትወርክ የኔ እግር ነው።

እሱንስ ለምጄው ነበር። ባለፈው ሳምንት ግን ሃርድ ዲስኩ ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ ማለት ጀመረ። ለሂሳብ ሹማችን ነገርኳቸው። ትልቅ ሰው ናቸው፣ በጣም ነው የማከብራቸው። «ሲሞቀው እንደሱ ይላል» ብለው ፋን አዞሩለት።

እኔ የሂሳብ እንጂ የኮምፒውተር ሰው አይደለሁም። ምን ላድርግ?

ሲስተም_የለም
ከምሽቱ 2፡52

ዳንቴሉን እንዳትነኪው። ኮምፒውተሩን አቅፎ የያዘው እሱ ነው።

ኬብል_ጎታቹ
ከምሽቱ 3፡15

እኅቴ፣ ቀልዱን ለነሱ ተይላቸው። ቀጭ ቀጭ የሚለው ከሙቀት አይደለም። የሚያነበው ክንድ ቦታውን መያዝ አቅቶት እየተመለሰ ነው። አንድ ወር ሊቆይ ይችላል፣ ነገ ጠዋት ላይነሳም ይችላል።

አሁን የማታደርጊውን ልንገርሽ። «ዲስክ እናጽዳ»፣ «ዲፍራግ እናድርግ»፣ «ፎርማት ተደርጎ ይጫንለት» የሚልሽን ሰው እንዳትሰሚ። የደከመን ዲስክ ማሯሯጥ መግደል ነው። መጀመሪያ ይጠፋ። ከዚያ ዲስኩ ተፈትቶ እንዳለ ወደ አዲስ ዲስክ ክሎን ይደረግ። የተሻለ ቀን አይጠበቅም።

ሦስት ነገር ንገሪኝ። ባካፕ ትይዛላችሁ? የት ነው የሚቀመጠው? ከዚያ ባካፕ ላይ መልሳችሁ ከፍታችሁ ታውቃላችሁ? አራተኛ ደግሞ፣ ላይሰንሱ፣ የፕሮግራሙ መጠቀሚያ ፈቃድ፣ የማን ነው?

ደብተር_ያዥ
ከምሽቱ 3፡31

አመሰግናለሁ ወንድሜ። ባካፕ በየዓርቡ ይያዛል፣ በፍላሽ። ፍላሹ ሂሳብ ሹማችን መሳቢያ ውስጥ ይቆለፋል። መልሶ መክፈቱ ተሞክሮ አያውቅም። አራተኛውን ጥያቄ አልሰማሁትም።

ሲስተም_የለም
ከምሽቱ 3፡33

አራተኛውን ማንም አልሰማውም። አገሩ ሁሉ ጆሮው ላይ ጥጥ አድርጓል።

ዘመናዊ_መፍትሔ
ኅዳር 9፣ ከጠዋቱ 3፡05

ውድ ደንበኛ፣ ፒችትሪ ዘመኑ አልፏል። ድርጅታችን ሙሉ በሙሉ በክላውድ የሚሠራ፣ በስልክ የሚከፈት፣ የተቀናጀ ሲስተም ያቀርባል። በውስጥ መስመር ያናግሩን።

ሲስተም_የለም
ከጠዋቱ 3፡20

መብራት ሲጠፋና ኔት ሲቋረጥ ደግሞ ክላውዱ ዝናብ ይሆናል?

አወያይ
ከጠዋቱ 3፡41

ማስታወቂያ እዚህ አይለጠፍም። ስለ ክላውድ የሚከራከር ካለ ይከራከር፣ ዕቃውን ግን ውጭ ይሽጥ።

ኤክሴል_ይበቃል
ከጠዋቱ 4፡10

እኔ የማይገባኝ ለምን እንደምትጨነቁ ነው። አነስተኛ ድርጅት ከሆናችሁ ሁሉንም ኤክሴል ላይ ገልብጪውና ተገላገይ። እኛ መሥሪያ ቤት ሽያጭም፣ ዕቃ ግምጃ ቤትም፣ ደመወዝም ኤክሴል ነው። ምንም አልሆንንም።

ሎግ_አንባቢ
ከጠዋቱ 4፡48

እስካሁን ምንም አልሆናችሁም ማለትህ ነው።

ሁለት ነገር ላንሳ። በፈረንጆቹ 2020 መስከረም መጨረሻ ላይ እንግሊዝ ውስጥ 15,841 የኮሮና ታማሚዎች ከመንግሥት ሪፖርት ተዘልለው ቀሩ። ቫይረስ አልገባ፣ ጠላፊ አልመጣ። ውጤቱ የሚገባበት ፋይል በድሮው የኤክሴል ዓይነት ነበር የተቀመጠው። ያ ዓይነት ከ65,536 መስመር በላይ አይዝም። የሞላው ፋይል የተረፈውን ጣለው። ከፈረንጆቹ 2007 ወዲህ ያለው ኤክሴል ከአንድ ሚሊዮን መስመር በላይ ይይዛል፤ ግን ማን የፋይል ዓይነት ያያል? የታመሙት ሰዎች ውጤታቸው ተነግሯቸዋል። አብረዋቸው የነበሩትን ፈልጎ ማስጠንቀቁ ግን ዘገየ።

ሁለተኛው ከዚሁ ከሰፈራችን ነው። ሐምሌ 2017 ላይ የደመወዝ ግብር ሲሻሻል ከግብር ነፃ የሆነው መነሻ ከ600 ወደ 2,000 ብር ከፍ አለ አይደል? የኛ የደመወዝ ኤክሴል ቀመሩ በይለፍ ቃል ተቆልፏል። የቆለፈው ልጅ ከለቀቀ ሦስት ዓመቱ ነው። ስልክ ደወልንለት። «ረስቼዋለሁ» አለ። ከባዶ ሠራነው። አንድ ሰው ጭንቅላት ውስጥ ያለ ቀመር ያው ያረጀ ሶፍትዌር ነው፣ ፋይሉ ትናንት ቢፈጠርም።

ኤክሴል_ይበቃል
ከጠዋቱ 5፡02

እሺ፣ ቆይ መጣሁ። የኛን ፋይል ዓይነት አይቼ ልምጣ።

የድሮ_ሂሳብ_ሹም
ከቀኑ 7፡30

ልጄ፣ እስካሁን የተጻፈውን ሁሉ አነበብኩ። ጡረታ ከወጣሁ ሦስት ዓመቴ ነው። አለቃሽን አላውቃቸውም፤ ግን የማውቃቸው ያህል ነው።

እኛ ሥራ ስንጀምር ሂሳብ ማለት ባለ ጠንካራ ሽፋን መዝገብ፣ ካርቦንና የሂሳብ መኪና ነበር። ሰኔ 30 ሲመጣ ሚዛኑ አልገጥም ብሎ ቢሮ አድረን እናውቃለን፤ አምስት ሳንቲም ፍለጋ። ከዚያ ፒችትሪ መጣ። ዴቢትና ክሬዲቱ ካልተካከለ አልመዘግብም ይላል። ሚዛኑን በደቂቃ ያወጣዋል። ለኔ ያን ጊዜ ተአምር ነበር። ማሠልጠኛው ሁሉ እሱን አስተማረ፣ የሥራ ማስታወቂያው ሁሉ «የፒችትሪ ችሎታ ያለው» አለ። ስሙ ከፈረንጆቹ 2012 ወዲህ ሴጅ 50 ሆኗል። እኛ አገር ግን እስካሁን ፒችትሪ ፒችትሪ ነው።

አንድ የሚያስቅ ነገር ልንገራችሁ። ፕሮግራሙ የበጀት ዓመቱን እስከ 13 ክፍለ ጊዜ እንድትከፍይው ይፈቅዳል። እኛ ደግሞ 13 ወር አለን። ሐምሌን ከጁላይ 8 እስከ ኦገስት 6፣ ነሐሴን እስከ ሴፕቴምበር 5፣ ከዚያ ጳጉሜን ለብቻዋ። ልክክ አለ! ለኛ ታስቦ የተሠራ መስሎን ደስ አለን። ኋላ ነው የሰማሁት፤ እዚያ አገር ዓመቱን በአራት አራት ሳምንት 13 ቦታ የሚከፍሉ ነጋዴዎች አሉ፤ የታሰበው ለነሱ ነው። ጳጉሜ ስድስት በምትሆንበት ዓመት ግን ቀኑ በአንድ ይሸሻል። ያንን የረሳ ሰው የጳጉሜ ስድስትን ሽያጭ መስከረም ውስጥ ያገኘዋል። እኔ ረስቼ አውቃለሁ።

ወደ ነገሬ ልመለስ። እኔ ራሴ ፕሮግራም ቀይሩ ስባል ሁለት ዓመት አልቀይርም ብያለሁ። «ከማያውቁት መልአክ የሚያውቁት ሰይጣን ይሻላል» እያልኩ። የውስጤን ልንገርሽ? ሃያ ዓመት ሰው እያረምኩ ኖሬ፣ በማላውቀው ስክሪን ፊት ቁጭ ብዬ «ይሄ የቱ ጋ ነው የሚጫነው?» ብዬ ልጆቼ የሚሆኑትን መጠየቅ ከበደኝ። ይኸው ነው።

ስለዚህ አለቃሽን «ይሄ ነገር አርጅቷል» አትበያቸው። የሚሰሙት «አርጅተዋል» ብለሽ ነው። «ባካፑን አንድ ቀን አብረን እንክፈተው፣ ያሳዩኝ» በያቸው። ማሳየት የሚጠላ የድሮ ሰው የለም።

ደብተር_ያዥ
ከቀኑ 8፡05

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። እንደሱ አላሰብኩትም ነበር። እውነት ነው፣ ባለፈው «ይሄማ ሙዚየም መግባት ያለበት ነው» ብዬ ቀልጄ ነበር። እሳቸው አልሳቁም።

ጸሐፊዋ
ከቀኑ 9፡40

እናንተ ስለ ቁጥር ታወራላችሁ፣ የኔ መከራ ፊደል ነው።

መንግሥት መሥሪያ ቤት ነው የምሠራው፣ ባሕር ዳር። ከኔ በፊት የነበሩት ጸሐፊዎች ደብዳቤውን ሁሉ የጻፉት በድሮዎቹ የግዕዝ ፕሮግራሞች ነው። ፊደላችን ወደ ዩኒኮድ፣ ኮምፒውተሮች ሁሉ ወደሚጋሩት የፊደል ሰንጠረዥ፣ የገባው በፈረንጆቹ 1999 ነው። ዊንዶውስ ደግሞ የራሱን የአማርኛ ፎንት፣ ኒያላን፣ ይዞ የመጣው ቪስታ ከሚባለው ዕትሙ ጋር ነው። ከዚያ በፊት የነበሩት አዘጋጆች ብልሃት ፈጠሩ፤ የእንግሊዝኛውን ፊደል ቦታ ወስደው የኛን ፊደል መልክ አለበሱት። ኮምፒውተሩ አማርኛ መሆኑን አያውቅም። እንግሊዝኛ እየጻፈ ይመስለዋል። አንድ ፎንት 256 ቦታ ብቻ ስላለው ፊደላችን አልበቃ ብሎት አንዳንዶቹ ግንዱን ለብቻ፣ ቅጥያውን ለብቻ አድርገው ያገጣጥሙት ነበር። በዚያ ዘመን ያንን የሠሩትን ሰዎች አደንቃለሁ።

መከራው አሁን ነው። አዲስ ኮምፒውተር ተገዛልን። አንድ የድሮ የሹመት ደብዳቤ ስከፍት ገጹ በሙሉ የላቲን ፊደል፣ የዶላር ምልክት፣ ቅንፍና ጭረት ሆነ። አለቃዬ «ቫይረስ ነው!» ብለው ከወንበራቸው ተነሡ። ፎንቱን ስጭንለት ተመለሰ። ግን መፈለግ አይቻልም። «ሰላም» ብዬ ብፈልግ አያገኘውም፤ ፋይሉ ውስጥ ሰላም የሚባል ቃል የለማ። መልክ ብቻ ነው ያለው።

ወደ ዩኒኮድ የሚቀይሩ ፕሮግራሞች አሉ። ሞከርኳቸው። አብዛኛውን ያወጡታል፣ አንዳንዷን ፊደል ግን ይስታሉ። የሰው ስም ላይ ስትሳት ደግሞ ሰውየው ሌላ ሰው ይሆናል። ስለዚህ እየቀየርኩ በዓይኔ አነባለሁ። በቀን 20 ደብዳቤ። ከዋናው መሥሪያ ቤት «ሁሉንም በዲጂታል ላኩ» የሚል ደብዳቤ መጥቶልኛል። እሱም የመጣው ስካን ተደርጎ ነው።

ሲስተም_የለም
ከቀኑ 9፡47

የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር ፍሬም አድርጌ ልሰቅላት ነው።

ደብተር_ያዥ
ከቀኑ 10፡02

ኧረ የፊደሉ ነገር እኛም ጋ አለ። ፒችትሪው አማርኛ አይቀበልም፤ የጥያቄ ምልክት ይደረድራል። ስለዚህ ደንበኛው ሁሉ የተመዘገበው በእንግሊዝኛ ፊደል ነው። አንድ ጸጋዬ የሚባሉ ደንበኛ በሦስት አጻጻፍ ሦስት ሰው ሆነው አገኘኋቸው። አንዱ ጸጋዬ ዕዳ አለባቸው፣ ሌላው ጸጋዬ ቀሪ ገንዘብ አላቸው።

አትላንታ_ነኝ
ኅዳር 10፣ ከሌሊቱ 6፡20

ሰላም ወገኖች። ፒችትሪ ሲባል ዝም ማለት አልቻልኩም። የምኖረው አትላንታ ነው። ፕሮግራሙ የተወለደው እዚሁ ነው፤ ስሙም የመጣው ከዚህ ከተማ ዋና ጎዳና ነው። ችግሩ ፒችትሪ የሚባለው መንገድ አንድ አለመሆኑ ነው። ምዕራብ ፒችትሪ፣ ፒችትሪ ሴንተር፣ ፒችትሪ ምናምን፤ ታክሲ ስጀምር ያሳበደኝ እሱ ነው። የናንተ ጸጋዬ ማለት ነው።

አሁን መጋዘን ውስጥ ነው የምሠራው። ድርጅቱ ትልቅ ነው፣ ሮቦት ሁሉ አለው። ዕቃ መግባትና መውጣቱን የምንመዘግብበት ስክሪን ግን ጥቁር ነው፣ ጽሑፉ አረንጓዴ። ማውዝ የሚባል ነገር አያውቅም። መጀመሪያ ስገባ «አሜሪካ ይሄ ነው?» አልኩ። ከጎኔ የምትሠራ 60 ዓመት ያለፋት ሴትዮ አለች። ጣቶቿ ቁልፎቹ ላይ ሲሮጡ ዓይኗ ስክሪኑ ላይ እንኳ የለም። አምና አዲስ፣ በማውዝ የሚሠራ ሲስተም አመጡ። እሷ በአራት ቁልፍ የምትጨርሰውን ዘጠኝ ጊዜ መጫን ሆነ። በሳምንቱ ወደ ጥቁሩ መለሱን።

እዚህም ያው ነው ለማለት ነው። ኮሮና የገባ ጊዜ፣ በፈረንጆቹ ኤፕሪል 2020፣ የኒው ጀርሲ አገረ ገዥ ኮቦል የሚችል ሰው በፈቃደኝነት ይርዳን ብለው በአደባባይ ጠየቁ። ኮቦል ከፈረንጆቹ 1959 ጀምሮ ያለ የፕሮግራም ቋንቋ ነው። ሥራ አጥ የሆነው ሰው ብዛት ሲስተሙን አጨናንቆት ነበር። ሳንፍራንሲስኮ ደግሞ በፈረንጆቹ 1998 የገባው የባቡር መቆጣጠሪያ ጠዋት ጠዋት የሚነሳው በፍሎፒ ዲስክ ነበር።

ሲስተም_የለም
ከጠዋቱ 2፡15

እኛ ጋ «ሲስተም የለም»፣ እነሱ ጋ «ሲስተሙ አለ፣ የሚያውቀው ሰው የለም»።

ሎግ_አንባቢ
ከጠዋቱ 3፡30

ጨዋታው ጥሩ ነው፣ ግን አንድ ነገር እየተረሳ ነው። አረንጓዴው ስክሪን ባለቤት አለው። አምራቹ አሁንም ይጠግነዋል፣ የሚከፈለው ባለሙያ አለ። የዊንዶውስ 7 ነገር ሌላ ነው። ጥገናው የቆመው ጥር 2012 ላይ ነው፣ በኛ። የድሮው ዊንዶውስ ኤክስፒ ደግሞ መጋቢት 30 ቀን 2006። ከዚያ በኋላ የተገኘ ቀዳዳ ሁሉ ክፍት ነው።

ግንቦት 4 ቀን 2009 የተነሣውን ዋናክራይ አስታውሱ። ፋይሉን ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቀው ቫይረስ። ከ150 በላይ አገር ገባ። የእንግሊዝ ሆስፒታሎች ቀጠሮ ሰርዘው ታካሚ መለሱ። ሁሉም «ኤክስፒ ነው ያስጠቃቸው» ይላል፤ አብዛኛው የተመታው ማሽን ግን ዊንዶውስ 7 ነበር። ያን ጊዜ ዊንዶውስ 7 ገና ጥገና ይሰጠዋል። ማስተካከያው ሁለት ወር ቀድሞ ወጥቷል። ያልጫነው ሰው ነው የተመታው። እኛ አገር ማሻሻያ ሲመጣ «ዳታ ይበላል» ብለን እናጠፋዋለን አይደል?

ስለዚህ ደብተር ያዥ፣ እኔን የሚያስፈራኝ ፍላሽሽ ነው። ኢንተርኔት ካለው ላፕቶፕ ወደ አሮጌው በቀን ስድስት ጊዜ። አሮጌው ኔትወርክ ላይ አለመኖሩ ጠቅሞታል፤ ቫይረሱን ግን አንቺ በእጅሽ ይዘሽለት ትሄጃለሽ። ፎልደሩን ሁሉ ሾርትከት የሚያደርገውን ቫይረስ ያላየ ሰው አዲስ አበባ ውስጥ አለ?

ኬብል_ጎታቹ
ከጠዋቱ 4፡05

ትክክል። መፍትሔውን ልናገርና ተከራከሩበት።

ዲስኩ ክሎን ይደረጋል። ከዚያ ክሎኑ ወደ ቨርቹዋል ማሽን ይቀየራል። ይህ ማለት አሮጌው ዊንዶውስ 7 ከነፒችትሪው አዲስ ኮምፒውተር ውስጥ በአንድ መስኮት ይከፈታል። ቨርቹዋልቦክስ ነፃ ነው። በውስጡ ያለው ዊንዶውስ ኢንተርኔት እንዳያይ ኔትወርኩን ታጠፊዋለሽ። ሪፖርት የሚወጣበት አንድ የጋራ ፎልደር ብቻ ይተዋል። ፍላሽ ቀረ፣ እግር ቀረ። ሙሉ ማሽኑ አንድ ፋይል ስለሚሆን ቅጂውን በውጭ ሃርድ ዲስክ ይዘሽ ሌላ ቦታ ታስቀምጫለሽ።

ኮምፒውተር ስትገዙ ግን ተጠንቀቁ። ዊንዶውስ 10ም ጥቅምት 4 ቀን 2018 ጥገናው ቆሟል። ዊንዶውስ 11 የሚፈልገው ከስምንተኛ ትውልድ የኢንቴል ፕሮሰሰር ጀምሮ ነው። ከዱባይ የሚመጡት ያገለገሉ ላፕቶፖች ብዙዎቹ ስድስተኛና ሰባተኛ ናቸው። «በጣም አሪፍ ነው፣ ኮር አይ ሰቨን ነው» ሲሉሽ ትውልዱን ጠይቂ። ሰቨኑ ትውልዱ አይደለም።

ሎግ_አንባቢ
ከጠዋቱ 4፡22

ቨርቹዋል ማሽኑ መሸጋገሪያ ይሁን እንጂ መኖሪያ አይሁን። እንደሱ ብለው አሥር ዓመት የተቀመጡ አውቃለሁ። በሽተኛውን አዲስ አልጋ ላይ ማስተኛት ነው።

ኬብል_ጎታቹ
ከጠዋቱ 4፡30

አንተ ደግሞ! መጀመሪያ በሽተኛው ይትረፍ።

የድሮ_ሂሳብ_ሹም
ከቀኑ 6፡50

ሁለታችሁም ልክ ናችሁ። የሚሸጋገሩበትን ቀን እኔ ልንገራችሁ፤ ሐምሌ 1 ነው። በበጀት ዓመት መካከል ሂሳብ አይዘዋወርም፣ እንዳትሞክሩት።

ልጄ፣ የአሥራ አምስት ዓመቱን ዝርዝር ሁሉ ወደ አዲሱ ለማስገባት አትልፊ። የሂሳብ መደቦችሽ፣ የደንበኛና የአቅራቢ ዝርዝር፣ የዕቃው ቆጠራ፣ ከዚያ የሰኔ 30 ሚዛን እንደ መነሻ። በቃ። የድሮው መዝገብ ኦዲተር ሲጠይቅ የሚከፈት ሆኖ ይቀመጥ። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሦስት ወራት ሁለቱም ላይ መዝግቡ። አሰልቺ ነው፣ አውቃለሁ። ሁለቱ ሪፖርቶች የማይስማሙበት ቦታ ላይ ግን ነው አዲሱን የምትማሪው። ያን ጊዜ ሦስቱን ጸጋዬም አንድ አድርጊያቸው።

ዋጋውን በተመለከተ፣ የውጭዎቹ በየዓመቱ በዶላር የሚከፈሉ ናቸው። ሐምሌ 2016 ላይ ምንዛሪው በገበያ ይወሰን ከተባለ ወዲህ የብር ሂሳቡ ሌላ ሆኗል። ባለቤቶቹ የሚያመነቱት በዚህ ነው፣ አልፈርድባቸውም። የአገር ውስጦቹንም እዩ። ስትመርጡ ግን አንድ ጥያቄ አስቀድሙ፦ «ልለይህ ብል ሂሳቤን በምን መልክ ትሰጠኛለህ?» መልስ የሌለው ሻጭ ካለ ተነሥታችሁ ሂዱ።

ዘመናዊ_መፍትሔ
ከቀኑ 7፡15

የእኛ ወደ ኤክሴል ያወጣል፣ በአንድ ጠቅታ።

ኤክሴል_ይበቃል
ከቀኑ 7፡18

በየትኛው የፋይል ዓይነት?

ደብተር_ያዥ
ኅዳር 14፣ ከምሽቱ 1፡50

ሰላም፣ ውጤቱን ይዤ መጣሁ። ረጅም ነው፣ ታገሡኝ።

ሐሙስ ዕለት ሂሳብ ሹማችንን ቡና ጋበዝኳቸው። ጋሼ እንዳሉኝ «ባካፑ እንዴት እንደሚመለስ ያሳዩኝ» አልኳቸው። ደስ አላቸው። ዓርብ ማታ ሰው ከወጣ በኋላ ፍላሹን ከመሳቢያ አወጡት። ላፕቶፔ ላይ ባዶ ፒችትሪ ተጭኖ ነበር፣ ከየት እንደመጣ አትጠይቁኝ። ፍላሹን ሰካን።

የዋናው ድርጅት ባካፕ አለ፤ ያለፈው ዓርብ። ከፈትነው፣ ሚዛኑ ገጠመ። እሳቸው ቀና ብለው «አየሽ?» አሉኝ። እኔም ደስ አለኝ።

ከዚያ «የሁለተኛውስ?» አልኩ። ፈለግን። የሁለተኛው ድርጅት የመጨረሻው ባካፕ ሰኔ 2015 ነው።

ለካ ፒችትሪ ባካፕ የሚይዘው የተከፈተውን ድርጅት ብቻ ነው። ሁለት ድርጅት ካለሽ ሁለት ጊዜ መያዝ አለብሽ። ድሮ ሁለተኛውን የምትይዘው ሌላ ልጅ ነበረች። 2015 ክረምት ላይ ለቀቀች። ማንም አላስተዋለም። እሳቸው በየዓርቡ የራሳቸውን ሳያጓድሉ ይይዛሉ፤ ሁሉም የተያዘ ይመስላቸዋል።

ሰውየው ዝም አሉ። መነጽራቸውን አወለቁ። ከዚያ «ማሽኑን አሁኑኑ አጥፊው» አሉኝ። እኔ ሳምንት ሙሉ ልል የፈራሁትን።

ቅዳሜ ጠዋት ኬብል ጎታቹ ራሱ መጣ፤ በውስጥ መስመር ተጻጽፈን ነበር፣ ይባረክ። ዲስኩን ፈትቶ ክሎን ጀመረ። እንዲህ ያለ ሥራ አንድ ሁለት ሰዓት ይመስለኝ ነበር። ዘጠኝ ሰዓት ፈጀ። እየተንጠባጠበ፣ አንዳንዴ ቆሞ፣ ያቺን ቀጭ ቀጩን እያሰማ። ሂሳብ ሹማችን ወንበር ስበው ሙሉ ቀን አጠገቡ ተቀመጡ። ምሳ እንብላ ስንላቸው እምቢ አሉ፤ ሳምቡሳ አመጣንላቸው። ማታ ላይ የማይነበቡ ጥቂት ቦታዎች ብቻ ቀርተው ተገለበጠ። የማይነበቡት የዊንዶውሱ ናቸው እንጂ የሂሳቡ አልነበሩም። የሁለተኛውን ድርጅት ከፍተን የጥቅምትን ሚዛን ከታተመው ወረቀት ጋር አስተያየነው። ገጠመ።

አሁን አሮጌው ዊንዶውስ አዲሱ ኮምፒውተር ውስጥ በመስኮት ተከፍቷል። ኢንተርኔቱ ተቆርጧል። ለሐምሌ የሚሆን ሲስተም እንድናይ ሂሳብ ሹማችን ራሳቸው ለባለቤቱ ደብዳቤ እየጻፉ ነው። ሦስት ሻጭ ጠርተው የጋሼን ጥያቄ ሊጠይቁ አስበዋል።

ጸሐፊዋ
ከምሽቱ 2፡05

እልልል! ደብዳቤውን በምን ፎንት ነው የሚጽፉት?

ደብተር_ያዥ
ከምሽቱ 2፡11

እኔው ነኝ የምተይበው፣ በዩኒኮድ። አይዞሽ።

አንድ ነገር ግን ቀረኝ። ቫውቸር የምናትምበት ባለ ጥብጣብ ኤፕሰን ፕሪንተር አለ። ድሮ የሚሰካው በዚያ በሰፊው ሶኬት ነበር። አዲሱ ኮምፒውተር ላይ ሰፊ ሶኬት የለም። ነገ ሰኞ ነው፣ 40 ቫውቸር ይጠብቀኛል። ምን ላድርግ?

ኬብል_ጎታቹ
ከምሽቱ 2፡20

ከሰፊው ወደ ዩኤስቢ የሚቀይር ገመድ አለ፣ መርካቶ ታገኛለሽ። ከመግዛትሽ በፊት ግን የፕሪንተሩን ጀርባ እይው፤ አንዳንዱ ሁለቱም አለው። ፎቶ አንሥተሽ ላኪልኝ።

ሲስተም_የለም
ከምሽቱ 2፡22

ዳንቴሉ የት ደረሰ?

ደብተር_ያዥ
ከምሽቱ 2፡34

ፕሪንተሩ ላይ። ፎቶውን ለማንሣት አሁን ላነሣው ነው።